የመውጫ ፈተና ለምታጠኑ፦ ግሩፓችሁን የፒዲኤፍ መጋዘን አታድርጉት

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። በየዲፓርትመንቱ የቴሌግራም ግሩፕ ሞልቷል፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ፋይል ይከመራል እንጂ አይጠናም።

እንደ መምህር የምመክራችሁ፣ አራት አምስት ሆናችሁ አንድ የጉግል ዶክስ ሰነድ ክፈቱ። እያንዳንዱ የደረሰውን ምዕራፍ መጽሐፉን ዘግቶ፣ ከራሱ አውጥቶ ይጻፍ። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ እንዲህ ለማስታወስ መታገል ትምህርቱን ያጸናዋል። ሌሎቹ ያልገባቸውን በኮሜንት ይጠይቁ። አንዱ በስህተት ቢያጠፋ አትደንግጡ፣ የቀድሞውን ቅጂ መመለስ ይቻላል። ኔትወርክ የሚቆራረጥባችሁ ደግሞ ሰነዱን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አስቀድማችሁ አዘጋጁት።

ቴሌግራሙን ለኩዊዝ ተጠቀሙበት። ጥያቄ ስታወጡ የማብራሪያ ቦታም አለው፤ መልሱ ለምን ትክክል እንደሆነ ሳትጽፉ አትልቀቁት።