ከእርሻ መልስ ያለችው አንድ ሰዓት

በዋግ ኽምራ ደጋማ ክፍል በሚገኘው በጋዝጊብላ ወረዳ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በየደጁ የሚሰማው የአባትና የልጅ ንግግር አጭር ነው። «በጎቹን አስገባ!» «ውኃ አቀብል!» «ዝም በል!» ይባላል። ልጁም ይታዘዛል። ከዚያ ወዲያ አባት ራቱን በልቶ ይተኛል፤ ልጅም ወደ እናቱ ጉያ ይገባል። በማግስቱም ያው ነው።

ይህ የሚሆነው ገበሬው ልጁን ስለማይወድ አይደለም። ገብሱና ስንዴው፣ ባቄላውና ምስሩ በወቅቱ መዘራት፣ መታረምና መታጨድ አለበት። በበጋው ወራት የእርከንና የተፋሰስ ሥራ ይጠብቀዋል። መሬቱ የሳሳ፣ ዝናቡም የሚያጥር በመሆኑ ብዙ የዋግ ሰው ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲወርድ ኖሯል። እናትም ብትሆን ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅምና ወጥ ስትሠራ ትውላለች።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚያጥረው ግን ለገበሬ ማኅበር መሪው ነው። የራሱን እርሻ አርሶ፣ ስብሰባ መርቶ፣ የድንበር ክርክር አስታርቆ፣ ለቅሶ ደርሶ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ተኝተዋል። ለአባላቱ ሁሉ ጆሮውን የሚሰጥ ሰው ለገዛ ልጁ የሚተርፈው ጆሮ አይኖረውም።

ጉዳዩ የየቤቱ የአስተዳደግ ልማድ ብቻ መስሎ ቢታይም የልማት ጥያቄ ነው። ዋግ በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅና ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ እንደነበረ ይታወሳል። በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ደግሞ የዋግ ከተማ የሰቆጣ ስም ለሌላ ዓላማ ተነሣ። ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት መንግሥት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰየመ። መቀንጨር ማለት ሕፃኑ ለረጅም ጊዜ በቂ ምግብ በማጣቱና ሕመም ስለሚደጋገምበት ለዕድሜው ከሚገባው ቁመት በታች መቅረቱ ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት፣ በ1992 ዓ.ም. ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 58ቱ የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 38 ወርዷል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግን ከመቶ 46 ነበር።

መቀንጨር የሚያጎድለው ቁመትን ብቻ አይደለም፤ አእምሮንም ይጎዳል። የሕፃን አንጎል እጅግ በፍጥነት ከሚያድግባቸው ጊዜያት ዋነኛው፣ ከፅንስ ጀምሮ ሁለተኛ ዓመቱን እስኪደፍን ያሉት 1000 ቀናት ናቸው። ለዚህ እድገት ምግብ የግድ ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን ምግብ ብቻውን አይበቃውም። የሚያነጋግረው፣ የሚስቅለትና ለድምፁ መልስ የሚሰጠው ሰው ይሻል።

ይህንን በሚገባ ያሳየው ከአገራችን ርቆ በጃማይካ፣ በኪንግስተን ከተማ የተደረገ ሙከራ ነው። አሠራሩ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ አንዱን መደብ በማዳበሪያ ብቻ፣ ሁለተኛውን በአረም ብቻ፣ ሦስተኛውን በሁለቱም፣ አራተኛውን ያለ አንዳቸውም አብቅሎ እንደ ማወዳደር ነው። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆነ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት በአራት ተከፈሉ። ለመጀመሪያዎቹ በየሳምንቱ ከወተት የተዘጋጀ ምግብ ተሰጠ። ወደ ሁለተኛዎቹ ቤት የጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ሰዓት እየሄዱ፣ እናቶች በቤት በተሠሩ መጫወቻዎች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚነጋገሩ አሳዩ። ሦስተኛዎቹ ሁለቱንም አገኙ፤ አራተኛዎቹ አንዱንም አላገኙም።

ሙከራው ሁለት ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው ውጤት፣ ምግቡም ጨዋታውም የልጆቹን አእምሮ እንዳሻሻለ፣ ሁለቱን ያገኙት ደግሞ ከሁሉ እንደበለጡ አመለከተ። ልጆቹ ለሥራ ከደረሱ በኋላ ተፈልገው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት፣ በሕፃንነታቸው የጨዋታው ትምህርት የደረሳቸው ካልደረሳቸው የቀነጨሩ ጓደኞቻቸው በ25 ከመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር። የወተቱ ጥቅም ግን እስከዚያ አልዘለቀም። ይህ ማለት ምግብ ይቅር ማለት አይደለም፤ የተራበ ልጅ ሊጫወት አይችልም። ማዳበሪያ የተደረገለት ማሳ ካልታረመ ሙሉ ምርት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ የበላ ልጅም የሚያነጋግረው ካጣ የሚቀርበት ነገር አለ ማለት ነው።

«ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» የሚል ተረት አለን። ከልጁ ጋር የሚጫወት አባት ይደፈራል የሚል ሥጋት ያለበት ነው። ሆኖም ይህንኑ ተረት ያወረሱን አባቶች ማታ ማታ በምድጃ ዙሪያ «እንቆቅልህ» ሲባሉ «ምን አውቅህ» እያሉ ከልጆች ጋር ይጫወቱ ነበር፤ መልሱ የጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ይባል ነበር። በዚህ የተነሣ የአባት ክብር አልቀነሰም። ልጁ ግን ማሰብን፣ መናገርንና ተራ መጠበቅን ተምሯል።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግ ልዩ በጀት የለም። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን «አገ» ሲል በኽምጣናም ሆነ በአማርኛ መልስ መስጠት፣ ከፍ ያለውን ወደ ማሳ ይዞ ሲሄዱ የእህሉን ዓይነት ማስለየት፣ በጎቹን አብሮ መቁጠር፣ ከጭቃ በሬ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ይበቃል። አባት ለሥራ ርቆ በሚቆይበት ወቅት አያት ወይም አጎት ቦታውን ሊተካ ይችላል።

የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ድርሻ አላቸው። ስብሰባ በጊዜ ተጀምሮ ከመምሸቱ በፊት ቢያልቅ፣ ብዙ አባቶች ልጆቻቸው ሳይተኙ ቤታቸው ይደርሳሉ። ሕዝቡ ለእርከን ሥራ ሲሰበሰብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በእረፍት ሰዓት ስለ ሕፃናት አስተዳደግ እንድትናገር ማድረግ ይቻላል፤ በዚያም ላይ ከእናቶች ይልቅ አባቶች እንዲጠሩ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን መሪው ራሱ አርአያ ሊሆን ይገባዋል። ጎረቤቱ መሪው ልጁን አቅፎ ሲያነጋግር ካየ፣ ነውር አለመሆኑን ለማስረዳት ሌላ ንግግር አያሻም።

እርከን ተሠርቶ አፈሩ የሚጠበቀው ነገ ለሚያርሰው ልጅ ነው። ዛሬ ማታ በጎቹ ከገቡ በኋላ ከትእዛዙ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «ዛሬ ምን አየህ?» ይባል፤ መልሱም እስከ መጨረሻው ይሰማ።