ማሲንቆ ዩኒቨርሲቲ የገባበት ዘመን

አንባቢ ሆይ፤ በሠርግ ወራት በሳንሱሲ ሰፈር አልፈው ከሆነ፣ ከድንኳኑ ውስጥ የሚወጣውን ዘፈን ሳይሰሙ አልቀሩም። ማሲንቆው፣ ክራሩና ዋሽንቱ ከከበሮው ጋራ ይተባበራሉ፤ ከጎጃም እስክስታ ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ኦሮሞ፣ ከዚያም ወደ ትግራይ ይሸጋገራሉ። እንግዳውም ከየትም አገር ይምጣ፣ ተራው ሲደርስ ትከሻውን እየነቀነቀ ይነሣል። ወደ ባህል ምግብ ቤት ቢገቡም የሚያገኙት ይህንኑ ነው። ሙዚቀኞቹ በጥበብ ልብስ ተውበው በመሥመር ይቀመጣሉ፤ ተወዛዋዦቹም የየአገሩን ጭፈራ በየተራ ያሳያሉ።

ይህ ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት እንዲሁ እንዳለ የወረደ ይመስልዎት ይሆናል። መሣሪያዎቹና ዘፈኖቹ በእርግጥ የጥንት ናቸው። ነገር ግን የብዙ ሕዝቦችን መሣሪያና ጭፈራ ባንድ መድረክ አሰልፎ አንድ ጓድ ማድረግ፣ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት አዲስ ሥራ ነው። ይህን ሥራ በሰፊው ከጀመሩት ዋነኛው «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የተባለው ጓድ ሲሆን፣ የተወለደውም በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለአንባቢ እንዲመች በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መሣሪያዎቹ በየቤታቸው ሳሉ

የሥራውን አዲስነት ለመረዳት፣ አስቀድሞ እያንዳንዱ መሣሪያ የት ይኖር እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ማሲንቆ በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥንና ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ያለው ነው፤ ባለቤቱም አዝማሪ ነው። አዝማሪው በየጠላ ቤቱ፣ በየጠጅ ቤቱና በየድግሱ እየዞረ፣ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው በዚያው ቅጽበት በፈጠረው ግጥም ያወድሰዋል ወይም ይነካዋል። ዋሽንት የእረኛ ጓደኛ ነው፤ ቤቱ ሜዳና ተራራ ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ይዞ የፍቅርና የትዝታ ዘፈን ያጅባል። ዐሥር አውታር ያለው በገና ደግሞ ከዘፈን ጋራ አይቆጠርም፤ ይልቁንም በዐቢይ ጾም የሚደረደር የጸሎትና የምክር መሣሪያ ነው። እምቢልታና መለከት የመኳንንት ሰልፍ ማድመቂያ ነበሩ።

የአዝማሪው ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ሕዝቡ ያለ እርሱ ድግስ አይደምቅለትም ነበር፤ ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር ግን የሚያመነታው ብዙ ነበር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ስድብ ይነገር ነበር። ጠላት ግን የአዝማሪውን ኃይል ከእኛ ይልቅ ሳያውቀው አልቀረም። በየካቲት ወር 1937 በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ፋሺስቶች እያደኑ ከገደሏቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮችና ባሕታውያን ብቻ ሳይሆኑ አዝማሪዎችም ነበሩ። ባለ አንድ አውታር መሣሪያ የያዘ ሰው፣ መትረየስና አውሮፕላን ላለው መንግሥት አስጊ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በአንጻሩ የነሐስ መሣሪያ ዕድሉ ሌላ ነበር። በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት 40 የአርመን ወጣቶች በአዲስ አበባ የመንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ፤ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ጥሩምባና ክላርኔት ዩኒፎርም፣ ኖታና አስተማሪ አገኙ። ማሲንቆና ክራር እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አላገኙም። በ1935 ሕዝቡን ለአገር መከላከል ለማነሣሣት አቶ መኰንን ሀብተ ወልድ ያቋቋሙት የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ የአገር ባህል ዘፈንን ወደ መድረክ በማውጣት ትልቅ ውለታ ውሏል። መሣሪያዎቹን ከየሕዝቡ ሰብስቦ በከፍተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ራሱን የቻለ ኦርኬስትራ ማድረግ ግን ገና የሚቀር ሥራ ነበር።

ከካይሮ የመጡት ሰው

ይህን የጀመሩት ፕሮፌሰር ሐሊም ኤል ዳብ የተባሉ ግብጻዊ የሙዚቃ ደራሲ ናቸው። በ1921 በካይሮ ተወለዱ፤ የተማሩትም እርሻ ነበር። በ1944 ግን በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሰው፣ በካይሮ ሴቶች የሚያደርጉትን የዛር ሥርዓት ቀዱ። ከዚያም የቀዱትን ድምፅ እየለወጡና እያስተጋቡ አዲስ የሙዚቃ ድርሰት ሠሩበት። በፓሪስ ፒየር ሼፈር የተባለው ፈረንሳዊ በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ በመድረስ ስሙ የተነሣው በ1948 ስለ ሆነ፣ ግብጻዊው ቀድመውታል። ዛር ለእኛም አገር እንግዳ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል።

ኤል ዳብ በ1950 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በ1958 ታዋቂዋ የዳንስ ሊቅ ማርታ ግራሃም ለሠራችው «ክሊተምኔስትራ» ለተባለው ትርዒት ሙዚቃ ደረሱ። ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1962 ነው። ዩኒቨርሲቲው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተከፈተ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ባስተማሩበት እስከ 1964 ባለው ጊዜ ውስጥ ሙዚቀኞችን፣ ዘፋኞችንና ተወዛዋዦችን ከየሕዝቡ ሰብስበው ኦርኬስትራውን አቋቋሙ። ቍጥራቸው እስከ 30 የሚደርሰው እነዚህ ባለሙያዎች ማረፊያቸው የዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማእከል ሆነ። ጠጅ ቤት የለመደው ማሲንቆ በስድስት ኪሎ ግቢ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋራ ዋለ።

እንደ ምን ይስማሙ?

መሣሪያዎቹን ባንድ ረድፍ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ማስማማቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ዋና ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ነገር ግን ክራር መቺው መሣሪያውን የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ መጠን ነው፤ ዛሬ ከፍ፣ ነገ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ማሲንቆ መቺው ጣቱን ባሻው ቦታ ስለሚያሳርፍ ከማንም ጋራ ይስማማል። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ አይቃናም፤ ስለዚህ ነፊው ረዘምና አጠር ያሉ ብዙ ዋሽንቶች ይይዛል። ባንድነት ሲጫወቱ እንግዲህ የማይለወጠው መሠረት ይሆናል፤ የሚለወጠውም ወደ እርሱ ይቃኛል።

ከሁሉ የሚደንቀው እምቢልታ ነው። ጣት የሚያርፍበት ቀዳዳ የለውም። እያንዳንዱ ነፊ የራሱ የሆኑ ጥቂት ድምፆች ብቻ ስላሉት፣ ሦስቱ ተቀባብለው ካልነፉ ዜማው አይሞላም። የኦርኬስትራው ሐሳብ በሙሉ በዚህ ባገራችን መሣሪያ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ያተረፈው እንዳለ ሁሉ ያጎደለውም አለ። አዝማሪ የሚከበረው ባልተዘጋጀበት በሚናገረው ነው። በልምምድ የተወሰነ፣ ባጃቢ የተከበበና በሰዓት የተለካ ዘፈን ሲሆን፣ ያ ቅጽበታዊ ጨዋታ መታሠሩ አይቀርም። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ የገጠር ጭፈራም በመድረክ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሆናል። በገናንም ከጸሎት ቤቱ አውጥቶ ከከበሮ አጠገብ ማስቀመጥ ሁሉም ሰው በእሺታ የሚቀበለው ነገር አይደለም። ይህ ጥያቄ ያኔም ተገቢ ነበር፤ ዛሬም የባህል መድረክ ያለበት ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

አሜሪካዊው ደቀ መዝሙር

ኤል ዳብ ከሄዱ በኋላ ሚስተር ጆን ኮ የተባሉ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል ከ1964 እስከ 1966 ኦርኬስትራውን መሩ። ከዚያም መሪነቱን የዘፈን ደራሲው አቶ ተስፋዬ ለማ ተረከቡ፤ እስከ 1975ም ድረስ ይዘውት ቆዩ። ሦስት አገር የተወለዱ ሦስት መሪዎች በዐሥር ዓመት ጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ውስጥ መፈራረቃቸውን ልብ ይሏል። ይሁን እንጂ የኦርኬስትራው ጉልበት መሪዎቹ ብቻ አልነበሩም። ማሲንቆ መቺው አቶ ጌታመሳይ አበበ፣ በዋሽንትና በክራር የተካኑት አቶ መላኩ ገላው፣ ዋሽንት ነፊው አቶ ዮሐንስ አፈወርቅና ሌሎችም ባለሙያዎች ነበሩበት።

በ1966 ሌላ የሰላም ጓድ አባል ወደ ጓዱ ቀረበ፤ ሚስተር ቻርልስ ሰተን ይባላል። ይህ ሰው ሊያስተምር ቢመጣም ከአቶ ጌታመሳይ ዘንድ ማሲንቆ ሊማር ተቀመጠ። ማሲንቆ መምታቱን ብቻ ሳይሆን በአማርኛ መዝፈኑንም ለመደ። በአገሩ ሰው ዘንድ የተናቀው ሙያ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የተማረ ሰው ደቀ መዝሙር ሆኖ ሲቀመጥበት ማየት ለጊዜው ተመልካች ትልቅ ትምህርት ሳይሆን አልቀረም።

በዚያው ዘመን በአሜሪካም የጥንት የገበሬ ዘፈን እንደ አዲስ ተነሥቶ ነበር። በ1958 «ኪንግስተን ትሪዮ» የተባሉት ሦስት ወጣቶች «ቶም ዱሊ» በተባለው ዘፈን ዝናቸው ገነነ። ዘፈኑ ግን በ1938 ፍራንክ ፕሮፊት ከተባለ የሰሜን ካሮላይና ገበሬ አፍ የተለቀመ ነበር። ወጣቶቹ ሲከብሩ፣ ገበሬው ዘፈኑን ከሩቅ የሚሰማ ሰው ሆነ። የእኛው ኦርኬስትራ የሚለየው በዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው ራሱ መድረክ ላይ ወጣ እንጂ፣ ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሆኖ አልዘፈነም።

በ1969 ከኦርኬስትራው የተመረጡ ባለሙያዎች «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም፣ በሚስተር ሰተን አስተባባሪነት በአሜሪካ ዞሩ። በኤድ ሰሊቫን የቴሌቪዥን ትርዒትም ላይ ቀረቡ። ይህ መድረክ ቀላል አልነበረም፤ በየካቲት 1964 ቢትልሶች በዚሁ ትርዒት ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመልክቷቸው ነበር። ባለ አንድ አውታሩ ማሲንቆ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር በነገሠበት መድረክ ላይ ድምፁን አሰማ።

ጓዱ ሲበተን

በ1974 አብዮት ፈነዳ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪዎቹ ወደ ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጡ፤ በ1975ም ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ፈረሰ። የባህል ዘፈን ግን አብሮ አልጠፋም። በደርግ ዘመን በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ የጎጃሙ ግሼ ዓባይ፣ የወሎው ላሊበላና የጎንደሩ ፋሲለደስ ዝናቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። መንግሥት በሚሻው ግጥም ቢታሰሩም፣ ከገጠር የመጡ ብዙ ድምፆችን አገር እንዲያውቃቸው አደረጉ።

ከኦርኬስትራው ባለሙያዎች ከፊሎቹ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። አቶ ተስፋዬ ለማ የባህል ሙዚቃውን ሥራ በዚያም ሳይተዉ ኖረው በ2013 ዐረፉ። ኤል ዳብም በአሜሪካ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተምረው በ2017 በ96 ዓመታቸው ዐረፉ። ኦርኬስትራው ከፈረሰ ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2007 በፈረንሳይ አገር «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 23ኛው ቅጽ ሆኖ የጓዱ ሥራ እንደ ገና ወጣ። ዛሬ ያንን ድምፅ መስማት የምንችለው በጊዜው የቀዳ፣ ከዚያም የቀዳውን ያላጠፋ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው እንግዲህ ይህ ነው። ባህል በራሱ አይኖርም፤ በሰው ላይ ይኖራል፤ ሰውየው ሲናቅ ይደኸያል፣ ሲከበር ያብባል፣ ሳይቀዳ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የቆየው 12 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን አዝማሪውንና እረኛውን ከመምህሩ ጋራ እኩል አስቀምጦ፣ የየሕዝቡ ሙዚቃ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ ባንድ መድረክ ሊሰማ እንደሚችል አሳየ።

አንባቢ ሆይ፤ እርስዎ ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፣ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ኤል ዳብ በካይሮ ተውሰው ከተሸከሙት የሽቦ መቅጃ እጅግ የተሻለ ነው። ለበዓል ወደ ዘመድ ሲሄዱ፣ ወይም በሰፈርዎ ሠርግ ላይ ሲገኙ፣ ያንን ማሲንቆ መቺ ወይም ያችን አልቃሽ ባልቴት አስፈቅደው ይቅዱ። ስማቸውን፣ አገራቸውንና ቀኑንም ይጻፉ። ገንዘብ በግንባሩ ላይ የሚለጠፍለት አዝማሪ ስሙን የሚጠይቀው ሰው እምብዛም አያገኝም፤ እርስዎ ይጠይቁት።