በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም



ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለው የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ሰፈራችን ቡና ይዘን የማናነሳው የአገር ጉዳይ የለም። ስለ እህቶቻችን ማህፀን ሲወራ ግን አልሰማም። ዛሬ ሐኪሞች «ፒ.አይ.ዲ.» ስለሚሉት፣ ማህፀንን፣ ቱቦዎቹንና የእንቁላል ከረጢቶችን ስለሚያጠቃው ኢንፌክሽን ልጽፍ ተነስቻለሁ።

ዋና መንስኤዎቹ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት ጨብጥና ክላሚዲያ ናቸው። ካልታከሙ በማህፀን በር አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ንጽህና የጎደለው ውርጃና ከወሊድ በኋላ የሚከሰት ኢንፌክሽንም በር ይከፍታሉ።

የበሽታው ክፋት ዝምታው ነው። አንዳንዷ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽ ታያለች፤ ብዙዋ ግን ምንም አይሰማትም። ጠባሳው ቱቦውን ሲዘጋ መውለድ ያቅታል። በከፊል ሲዘጋ ደግሞ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ ይቀመጥና ቱቦውን አፈንድቶ እናትየዋን ሊገድል ይችላል። ለዓመታት የማይለቅ የሆድ ሕመምም አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እንደሚለው በሽታው ከያዛቸው 8 ሴቶች አንዷ ለማርገዝ ትቸገራለች። በእኛ ዘንድ ያቺ ሴት «መካን» ተብላ ትፈታለች፤ ምልክት ሳያሳይ ያስያዛትን ወንድ የሚጠይቅ የለም!

ሕክምናው ግን ከባድ አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት የ14 ቀን ፀረ ተህዋስያን መድኃኒት ይበቃል፤ የደረሰ ጠባሳን ግን አይመልስም። ባልም አብሮ ካልታከመ በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ጤና ጣቢያዎቻችን በአብዛኛው የሚያክሙት ምልክት አይተው ስለሆነ ዝምተኛው ክላሚዲያ ያመልጣቸዋል። በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2021 በትግራይም፣ በአማራ ክልል በነፋስ መውጫም በታጣቂዎች የተደፈሩ ሴቶችን ቃል መዝግቧል። የደፈረው ወታደር የማንም ይሁን የማን፣ በተዘረፈ ሆስፒታል ደጃፍ ያለ መድኃኒት የቀረች እህት ከዓመታት በኋላም መዘዙን ልትከፍል ትችላለች። ስለዚህ ሰልፍ ስንወጣና ገንዘብ ስናዋጣ የእነዚህን ሴቶች ሕክምና ከጥያቄዎቻችን መካከል እናስገባ።

እዚህ ያለነውስ? ከ25 ዓመት በታች የሆነችና ግንኙነት የጀመረች ሁሉ በየዓመቱ ለክላሚዲያና ለጨብጥ ትመርመር። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች «ፋሚሊ ፓክት» የተባለው የክልሉ ፕሮግራም ምርመራውን በነጻ ይሰጣል። እንግሊዝኛው ከከበደ አስተርጓሚ መጠየቅ ነው፤ ነውሩ መታመም ሳይሆን መደበቅ ነው።

ቸር ይግጠመን!