«እኔን ይምታኝ!» — የጨዋታው ታንክ እንዴት ይሠራል?

ማታ ከእራት በኋላ ከውስጥ ክፍል «ተዉት፣ ተዉት! እኔን ይምታኝ! እናንተ ከኋላ ግቡ!» የሚል የልጅ ጩኸት የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ልጁ ግን ደህና ነው። ስልኩን ይዞ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ ጓደኞቹ አንዱ ደሴ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆነው በኢንተርኔት አብረውት ይጫወታሉ። የዛሬ ድርሻው ታንክ መሆን ነው። በቡድን በሚካሄዱ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ታንክ የሚባለው ለጓደኞቹ የታሰበውን ዱላ በራሱ ላይ የሚቀበል ተጫዋች ነው። በአጭሩ ሥራው መመታት ነው። ሥራው መመታት የሆነ ሰው እንዴት የቡድኑ ምሰሶ ይሆናል? ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ይህን ለማስረዳት ከአርዲቦ መጀመር ይቀላል።

አርዲቦና ሐይቅ ጎረቤታም ሐይቆች ናቸው፤ ከደሴ በስተሰሜን፣ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብለው ተኝተዋል። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ላይኛው አርዲቦ ይቀበላል። ጎርፉ ይዞት የመጣው ደለል እዚያው ይዘቅጣል፤ የተረፈው ውሃ ቀስ እያለ በወንዝ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይወርዳል። በአንድ ሌሊት የገባው ጎርፍ የሚወጣው በብዙ ቀን ነው። ውሃው አልጠፋም፤ የበረደው ፍጥነቱ ነው። ታንክም ምቱን አያጠፋውም። በአንድ ጊዜ ቢወርድ ቡድኑን ጠርጎ የሚወስደውን ጉዳት፣ ከኋላ የቆመው ፈዋሽ ሊደርስበት ወደሚችል ፍጥነት ያወርደዋል።

ፍጥነቱ የሚበርደው በሒሳብ ነው። በጨዋታው ውስጥ እያንዳንዱ ተዋጊ ከራሱ በላይ የምትታይ ቀጭን መስመር አለችው፤ ተጫዋቾች ላይፍ ይሏታል፤ ስታልቅ ሰውየው ሞተ ማለት ነው። ታንኩ ላይፉ ረዥም ነው፤ በዚያ ላይ ጥሩር ይደርብበታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን እንውሰድ። ከምቱ የሚደርስብህ ድርሻ 100 ለ«100 ሲደመር ጥሩርህ» ተካፍሎ ነው። ጥሩርህ 100 ከሆነ 100 ለ200 ይሆናል፤ ምቱ በግማሽ ቀነሰ። ጥሩርህ 200 ሲሆን አንድ ሦስተኛው ብቻ ይደርስሃል፤ 300 ሲሆን ሩቡ። መቼም ቢሆን ግን ዜሮ አይሆንም፤ የማይሞት ተዋጊ ያለበት ጨዋታ ጨዋታ አይሆንማ። ሁለት ሺህ ላይፍ ያለው ሰው 100 ጥሩር ሲለብስ እሱን ለመግደል አራት ሺህ የሚያህል ምት ያስፈልጋል፤ 200 ሲለብስ ስድስት ሺህ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፈዋሹ ለታንኩ 100 ላይፍ ሲመልስለት፣ ግማሹን ምት የሚያከሽፍ ጥሩር ስለለበሰ፣ ያ 100 የ200 ምት ማካካሻ ይሆናል። ያንኑ 100 ላይፍ ጥሩር ለሌለው ቀስተኛ ቢሰጠው ግን የ100 ብቻ ነው። አንድ ፈዋሽ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት፤ ውጤቱ ግን እጥፍ። ምቱ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ እንዲከማች የሚፈለግበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። ሁለተኛው የባሰ እንግዳ ነው፤ በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ላይፉ አንድ ብቻ የቀረው ተዋጊ ልክ እንደ ጤነኛው ይመታል። እጁ አይዝልም፣ እግሩ አይሰበርም፣ አይፈራም። በእውነተኛ ጦርነት የቆሰለ ሰው ግማሽ ወታደር ነው። በጨዋታ ግን በቁስለኛና በጤነኛ መካከል ልዩነት የለም፤ ልዩነቱ በሕያውና በሙት መካከል ነው። ስለዚህ አምስት ሰው ትንሽ ትንሽ ከሚቆስል አንዱ እስከ አፍንጫው ድረስ ቢቆስል ለቡድኑ ያተርፋል።

የአርዲቦ ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ይሠራል። ከዚህ በኋላ ይሰናከላል፤ ምክንያቱም ሐይቁ ጎርፉን አይጠራውም፤ መሬቱ ራሱ ወደ እሱ ያዘነብላል። ታንክ ግን ጠላትን ወደ ራሱ መጥራት አለበት። ቆዳው የቱንም ያህል ቢደነድን ጠላት አልፎት ሄዶ ፈዋሹን ከገደለ፣ ያ ታንክ ሜዳ ላይ የተገተረ ግንድ ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩር ገዝተው ይደራርቡና «አልሞትኩም እኮ!» ይላሉ። ጓደኞቻቸው ግን ሁሉም ሞተዋል።

ታዲያ ጠላት ደካማውን ትቶ ጠንካራውን እንዲመታ የሚያደርገው ምንድን ነው? መልሱ ጠላቱ ማን እንደሆነ ይለያያል። ጠላቱ ኮምፒውተር ከሆነ መዝገብ አለው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ለዚህ ዋና ማሳያ ነው። ጭራቁ ማን ምን ያህል እንዳስቆጣው በነጥብ ይመዘግባል፤ ተጫዋቾች ይህን አግሮ ይሉታል። የመታው ሰው በመታው ልክ ይመዘገብበታል፤ ጓደኛውን ያከመም ቢሆን በግማሹ ይቆጠርበታል። ታንኩ ነጥቡን በብዙ እጥፍ የሚያባዛ ችሎታ ስለተሰጠው በቀላል ምት ብዙ ቁጣ ይሰበስባል። የታንኩ መዝገብ 1000 ቢሆን፣ ጭራቁ ፊቱን ወደ ሌላ እንዲያዞር አጠገቡ ያለው አጥቂ 1100 ማለፍ አለበት፤ ከሩቅ የሚተኩስ ከሆነ 1300። ያ የ10 እና የ30 በመቶ ክፍተት ባይኖር ጭራቁ በየሰከንዱ እየዞረ ሁሉንም ያምስ ነበር። አንዱ ችኩል ድንበሩን አልፎ ጭራቁን ከሳበው ደግሞ ታንኩ ታውንት አለው፦ አንድ የስድብ ጩኸት፤ የታንኩ ነጥብ ከአንደኛው ሰው ጋር እኩል ይሆንና ጭራቁ ወደ እሱ ይመለሳል። የልጁ «ተዉት!» የሚል ጩኸት ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይገባል፤ ጓደኞቹ ቀድመው እንዳይመቱና መዝገቡን እንዳያበላሹበት ነው።

ሁሉም ኮምፒውተር ግን ይህን ያህል ቂመኛ አይደለም። በክላሽ ኦፍ ክላንስ የመከላከያ ማማዎቹ ክልላቸው ውስጥ ከገባው ወታደር የቅርቡን ይመታሉ፤ ሌላ ጣጣ የለም። ስለዚህ ግዙፎቹን ከፊት፣ ቀስተኞቹን ከኋላ ማሰለፍ በቂ ነው። እዚያ ታንክነት የቦታ ጉዳይ ነው።

ጠላቱ ሰው ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሞባይል ሌጀንድስ አምስት ለአምስት ነው፤ ከወዲያ ማዶ ያለውም እንደ ልጁ አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው ነው፤ የአግሮ መዝገብ የለውም፣ ስድብም አይሰማም። ማንን መምታት እንዳለበት ያውቃል፤ ታንኩን ትቶ ከኋላ ያለውን ተኳሽ ይፈልጋል። ስለዚህ ታንኩ በግድ ይይዘዋል። ፍራንኮ የተባለው ታንክ መንጠቆ ወርውሮ አንዱን ጎትቶ ያመጣል፤ ቲግሪያል በዙሪያው ያሉትን ሁሉ ወደ ራሱ ስቦ ያደነዝዛቸዋል። ጠላት ለአንድና ለሁለት ሰከንድ ከተያዘ የቀረው የጓደኞቹ ሥራ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ እውነተኛው የታንክ ጥበብ ያለው እዚህ ነው፤ ኮምፒውተርን ማስቆጣት ሕግ ማወቅ ነው፣ ሰውን ማስገደድ ግን ጊዜ ማወቅ ነው። በዚያው ጨዋታ ማማም አለ፤ ክልሉ ውስጥ ደጋግሞ በመታው ጀግና ላይ ምቱን እያከበደ ይሄዳል። ቡድኑ ማማ ሥር ገብቶ ጠላትን መግደል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚገባው ታንኩ ነው፤ የማማውን ተኩስ ይወስድና ሊሞት ሲል ይወጣል። የሚወጣበትን ሰከንድ ማወቅ ከመግባቱ ይከብዳል።

ስሙ ከየት መጣ? በ1991 እ.ኤ.አ. የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች ዲኩመድ የሚባል፣ ሥዕል የሌለው፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ የሚነበብበት የቡድን ጨዋታ አወጡ። ከፊት ቆሞ የሚመታውን ሰው ታንክ ማለት በዚያ ዓይነት የጽሑፍ ጨዋታዎች ውስጥ ተለመደ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ከወጣው ኤቨርክዌስት ወዲህ ታንክ፣ ፈዋሽና አጥቂ የሚለው የሦስትዮሽ ክፍፍል እየተደላደለ ሄደ። ቃሉ ራሱ ከጦር ሜዳው ብረት ለበስ የተወሰደ ነው፤ እንግሊዞች መስከረም 5 ቀን 1909 ዓ.ም ፈረንሳይ ውስጥ መጀመሪያ ያዘመቱት መሣሪያ ነው። ምሥጢሩ እንዳይወጣ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው እያሉ ስለሸፈኑት ስሙ በዚያው ቀረ።

ያ መሣሪያ እኛም ደጅ መጥቶ ነበር። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጥሟል። መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ የሚተኩስ ስለነበር የእኛዎቹ ከጎንና ከኋላ ገብተው ያዟቸው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚጫወት ልጅ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል፤ እዚያም ታንክ ከኋላው የሚመጣበትን ምት በጋሻ መመከት አይችልም፤ ጭራቁን ዘወትር ፊት ለፊቱ ማድረግ አለበት።

የወሎ ሰው ግን ከብረቱ ይልቅ የሚቀርበው ታሪክ አለ። የጦር ሜዳው ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ በዘመተበት በዚያው የ1909 መስከረም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩ፤ አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤልም ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ሸዋ ገና አልተሰባሰበም ነበር። የሸዋው ራስ ልዑልሰገድ ከፊት ሆነው ቶራ መስክ ላይ ገጠሟቸው፤ ጦራቸው ተደመሰሰ፣ እሳቸውም ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ዋናው ጦርነት ሲደረግ ግን የሸዋ ጦር ተሰባስቦ ስለነበር ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ከጨዋታው ዓይን ቢታይ ቶራ መስክ የታንክ ሥራ ነው፤ ምቱን ቀድሞ መቀበልና ለኋለኛው ቀን መግዛት። ልዩነቱ ከኋላ ፈዋሽ አለመኖሩ ነው። የወሎ አንባቢ ይህን ምሳሌ ባይወደው አልገረምም።

ለታንክ የአማርኛ ስም ከተፈለገም በጃንሆይ ዘመን የነበረው የጦር አሰላለፍ ለጨዋታው የሚሆን ስም ሞልቶታል። ጋሻ የሚለውን ብዙዎች ቀድመው ያነሱታል፤ ግን ጋሻ ዕቃ ነው፤ ሰው ካላነሳው ማንንም አይከልልም፣ ማንንም አይጠራም። ጋሻ ጃግሬ የጌታውን ጋሻ ተሸክሞ የሚከተል ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ስሙ ወደ ስድብ ስለዞረ ለታንኩ ብንሰጠው ልጁ ይቆጣል። ለእኔ የሚቀርበው ፊታውራሪ ነው። ከሠራዊቱ ፊት ይሄዳል፣ ጠላትን መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ነው፣ ጦርነቱ የሚጀመርበትን ሰዓትም በአብዛኛው እሱ ይወስነዋል። ፈዋሹ ደግሞ ደጀን። ልጆቹ ግን ታንክ ማለታቸውን እንደማይተዉ አውቃለሁ፤ ቢተዉም ከደሴ ውጭ ያለ ተጫዋች አይሰማቸውም።

ታንክ ውስጥም ዓይነት ዓይነት አለ። ትልቁን ጭራቅ የሚይዘው ሜይን ታንክ ነው፤ ትንንሾቹን የሚሰበስበውና ዋናው ሲወድቅ የሚተካው ኦፍ ታንክ ይባላል። ጥሩሩን ትቶ በማምለጥ ችሎታው የሚመካም አለ፤ አልፎ አልፎ የሚደርስበት ምት ግን ሙሉውን ስለሆነ ፈዋሾች አይወዱትም፤ ለምን እንደማይወዱት ከላይ ያየነው ሒሳብ ይነግረናል። ጭራሽ ሳይመታ እየሮጠ ጭራቁን በሜዳ የሚያዞርም ሞልቷል። ሚት ሺልድ የሚባለው ግን ክብር የለውም፤ ጥሩርም ዘዴም ሳይኖረው ቀድሞ እንዲሞት ብቻ የተላከ ሰው ነው።

የእኛ አገር ታንክ አንድ ተጨማሪ ጠላት አለበት፤ ኔትወርክ። በ2015 ዓ.ም ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጨዋታው ለወራት ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ሲሠራም ሰርቨሩ ከአገር ውጭ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ የምትታየው ፒንግ 200 ካለች፣ ጣትህ የነካችው ትእዛዝ ደርሶ ምላሹ እስኪመለስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያልፋል። ተኳሽ ለሆነ ሰው ይህ ሞት ነው፤ ኢላማው ቦታውን ለቋል። ታንክ ግን ይታገሠዋል፤ ላይፉ ረዥም ስለሆነ የዘገየ እርምጃ ወዲያው አይገድለውም። ስለዚህ ፒንጓ ቀይ ባሳየች ቀን ቡድኑን ላለመጉዳት ታንክ መምረጥ ብልህነት ነው፤ እሱም ቢሆን ከፍራንኮ ይልቅ ቲግሪያልን። የፍራንኮ መንጠቆ ቀጭን መስመር ናት፤ በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ውስጥ ጠላት አንድ እርምጃ ከተራመደ ባዶዋን ትመለሳለች። የቲግሪያል ግን ዙሪያውን ስለሚይዝ እርምጃዋ ብትዘገይም አንድ ሁለቱን ማግኘቷ አይቀርም።