ስለ እርጅና ለሚደረግ ምርምር ገንዘቡ ከየት ይገኛል?

ከመካከላችን የተወለደበትን ቀን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ስንት ሰው ይገኛል? ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስት ነን። ሁለታችን የወግዲ ልጆች ስንሆን አንደኛ ክፍል የገባነው እጃችንን በራሳችን ላይ አሻግረን የወዲያኛውን ጆሮ መንካት በመቻላችን ነው። ጆሮውን የነካ «ሰባት ዓመት» ተብሎ ይጻፍለታል፤ እጁ አጠር ያለ ለከርሞ ይመለሳል። ነገሩ ቢያስቅም ከምናብራራው ጉዳይ ጋር ጥብቅ ግንኙነት አለው።

አንዱ ሰው በ60 ዓመቱ ምርኩዝ ሲይዝ ሌላው በ80 ዓመቱ ዳገት የሚወጣው ለምንድን ነው? ዐይንስ ሲያረጁ ለምን በሞራ ይጋረዳል? ይህን ለመመለስ ሐኪም፣ ላቦራቶሪና መረጃ ሰብሳቢ ያስፈልጋል። ሁሉም ገንዘብ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለዚሁ ሥራ ብቻ እ.ኤ.አ. በ1974 ብሔራዊ የእርጅና ምርምር ተቋም አቋቁሟል፤ የተቋሙ የ2023 በጀት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

በአገራችን አብዛኛው ሕዝብ ወጣት ስለሆነ የምርምር ገንዘብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ወባ፣ ወደ ሳንባ ነቀርሳ፣ ወደ እናቶችና ሕፃናት ጤና ነው። ይህንንም አንነቅፍም። የአፍሪካ መንግሥታት ከዓመታዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ሊያውሉ ቃል ገብተው ነበር፤ ብዙዎቹ ገና አልደረሱበትም።

ታዲያ ችግሩ የገንዘብ ማነስ ብቻ አይደለም። ለጋሾች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ነው። ሰው ደግሞ በ5 ዓመት አያረጅም! ለምሳሌ ያህል ቡታጅራን እንውሰድ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ በስዊድን ዕርዳታ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የጤና ጥናት ጀመረ። መዝጋቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ እያሉ ይጽፉ ነበር። በክልላችንም በዳባት ተመሳሳይ ሥራ በ1996 ተጀምሯል። አሰልቺ ሥራ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡታጅራ ላይ ሲወለድ የተመዘገበ ሕፃን ዛሬ ወደ 40 ተጠግቷል፤ 60 የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ2047 ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ ዕድሜው በግምት ሳይሆን በጽሑፍ የታወቀ ሽማግሌ ተገኘ ማለት ነው። ግን 60 ዓመት የሚጠብቅ ለጋሽ የት አለ?

የደቡብ አፍሪካን ነገር ስናነብ ትንሽ ተጽናናን። አጊንኮርት በሚባል ገጠር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ እንዲህ ያለ መዝገብ ይያዝ ነበር። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ ተቋም ገንዘብ ሰጠና ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ 5,059 ሰዎች የሚጠኑበት ሥራ ተጀመረ። መዝገቡ ቀደመ፣ ገንዘቡ ተከተለ።

እኛ ዘንድ ግን አዛውንቶች ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በሆነ ነገር ነው። የአንዳችንን አያት ብንጠይቃቸው «ጣሊያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር፤ የተማራችሁት እናንተ አስሉት» አሉን። ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ቢሆኑ እንኳ አሁን 90 አልፏቸዋል። መታወቂያቸው ግን 78 ይላል። ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ሲቸግራቸው የ66ቱን ድርቅ፣ የ77ቱን ድርቅ እየጠሩ «ያኔ ስንት ልጅ ነበረዎት?» ብለው ይገምታሉ። ሆኖም ከአሥር ዓመት በላይ ስሕተት ያለበትን ግምት ይዞ ገንዘብ መጠየቅ ያስቸግራል፤ ለጋሹ ገና ከመነሻው «ዕድሜያቸውን እንዴት አወቃችሁ?» ይላልና።

ልደትን በሕግ መመዝገብ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። እኛም ለማስተማር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ስንወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ያለውን ልጅ ቀን ከወረቀቱ ለመገልበጥ ተስማምተናል። የሌለውን እናቱን እንጠይቃለን፤ በየትኛው በዓል ሰሞን ነው፣ በዐቢይ ጾም ነው ወይስ በረመዳን፣ አዝመራው ሳይነሣ ነው ወይስ ከተነሣ በኋላ? ጆሮ ማስነካቱን ትተናል።