ቤተሰብ ያኳረፈው ሃርድ ዲስክ

“ወንድሜን ካነጋገርኩት ሰባት ወር ሆነኝ። ጠልቼው አይደለም፤ ግን ባየሁት ቁጥር የአባዬ ድምፅ ነው ትዝ የሚለኝ...”

ይህን ያጫወተችኝ የ24 ዓመት ወጣት ናት። የምትኖረው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው። መቼም የውርስ ወይም የገንዘብ ጠብ ሳይመስላችሁ አይቀርም። እኔም መስሎኝ ነበር። የለም! የጠባቸው መነሻ ከመዳፍ የማትበልጥ አንዲት ጥቁር ሳጥን ናት፤ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የምንላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል። በሕይወት ሳሉ በመጨረሻው የገና በዓል ልጆቻቸውን ተራ በተራ እየጠሩ ሲመርቁ በቪዲዮ ተቀርጸው ነበር። ይህ ቪዲዮ፣ የእናትና የአባት የሠርግ ፎቶዎች፣ የልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉም በቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ነበሩ። ታዲያ ኮምፒውተሩ ሞላና መንቀርፈፍ ጀመረ። ወንድም ሆዬ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ገዝቶ መጣ። “ባክአፕ ላድርገው” አለና ፎልደሮቹን በሙሉ “ከት” አድርጎ አዲሱ ዲስክ ላይ “ፔስት” አደረጋቸው። ኮምፒውተሩ ቀለለ፤ ቤተሰቡም ተደሰተ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ እሁድ እናትየው ቪዲዮውን ለጎረቤት ሊያሳዩ ፈለጉ። ዲስኩ ተሰካ፤ አባት መናገር ጀመሩ። ይሄኔ ቡና ልታቀርብ የተነሳችው እህት ገመዱ እግሯን ጠለፋትና ዲስኩ ከጠረጴዛው ሲሚንቶው ላይ ዱብ! እንደገና ሲሰካ “ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...” ከማለት በቀር ምንም የለም።

ከዚያ ወዲያ እሱ “የጣልሽው አንቺ ነሽ” ይላል። እሷ ደግሞ “ከኮምፒውተሩ ያጠፋኸው አንተ ነህ” ትላለች።

ለመሆኑ ጥፋተኛው ማነው?

እኔን ዳኛ ካደረጋችሁኝ፣ ቪዲዮው የጠፋው ዲስኩ የወደቀ ዕለት ሳይሆን “ከት” የተደረገ ዕለት ነው እላለሁ። ባክአፕ ማለት ዕቃን ከሳሎን ወደ ጓዳ ማዛወር አይደለም። ሳሎን ያለው እዚያው እንዳለ፣ ጓዳም ሌላ አንድ ሲኖር ነው ባክአፕ የሚባለው። ፋይሉ ኤክስተርናሉ ላይ ብቻ ካለ ቦታ ቀየረ እንጂ አሁንም አንድ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይሉ የለ አበው!

“እኔ እንኳ ዲ ላይ ነው የማስቀምጠው” የምትሉም አላችሁ። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ሲ እና ዲ የሚባሉት አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ ሲ ፎርማት ቢደረግ ዲ ሊተርፍ ይችላል። ዲስኩ ራሱ ከሞተ ወይም ላፕቶፑ ከተሰረቀ ግን ሲም ዲም ተያይዘው ነው የሚሄዱት።

በተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጩ ክብ ሳህኖች በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ላይ ነው የሚንሳፈፈው። እየሠራ ሳለ ከወደቀ ጫፉ ሳህኑን ይፍቀዋል። ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይችላል፤ ዋጋውም ወደድ ይላል። እሱም ቢሆን አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ጸጥ ሊል ይችላል። የማይሞት ዲስክ የለም ጎበዝ!

ዲስካችሁ “ቀጭ ቀጭ” ማለት ከጀመረ ወዲያውኑ ንቀሉት። የኛ ሰው ግን አሥር ጊዜ ሰካው፣ መታ መታ አደረገው፣ በመጨረሻም አንድ ሱቅ ወስዶ ጠረጴዛ ላይ አስከፈተው። እንዲህ ያለው ሥራ ከአቧራ በጸዳ ክፍል፣ በሠለጠነ ባለሙያ የሚሠራ ነው። ሳህኑ ላይ የምታርፍ አንዲት የአቧራ ቅንጣት የተረፈውንም ትጨርሳለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስትገዙ ዓይናችሁን ግለጡ። አሁን ካላችሁ ፋይል ቢያንስ እጥፍ የሚይዝ ምረጡ። 1 ቴራባይት ብላችሁ የገዛችሁት ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ቢልላችሁ “ተሸወድኩ” አትበሉ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። መሸወድ ማለት በርካሽ የሚሸጠው፣ ላዩ ላይ 2 ቴራ ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን የፍላሽ ያህል እንኳ የማይዝ አስመሳይ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ስትጭኑበት እሺ ይላል፤ ስትከፍቱት ግን ባዶ ነው።

ሁለተኛ፣ “ከት” የምትለዋን ቃል እርሷት፤ ሁልጊዜ “ኮፒ” አድርጉ። ሰማያዊው የዩኤስቢ መሰኪያ ብዙውን ጊዜ ፈጣኑ ነው። 200 ጊጋባይት ቪዲዮ በእሱ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሲፈጅ፣ በድሮው ዩኤስቢ 2 ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ሺህ ትናንሽ ፎቶዎች ከአንድ ትልቅ ቪዲዮ ይልቅ እንደሚያዘገዩም እወቁ። ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አትንቀሉ፤ “ሴፍሊ ሪሙቭ” ወይም “ኢጀክት” በሉት።

ሦስተኛ፣ ሥራውን ለኮምፒውተሩ ስጡት። ዊንዶውስ ላይ “ፋይል ሂስትሪ” የሚባል አለ፤ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ታገኙታላችሁ። ዶክመንት፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ሙዚቃና ዴስክቶፕ ላይ ያለውን በራሱ ይገለብጣል። ዲ ላይ ያለውን ግን እናንተው ካልጨመራችሁለት አይነካም። ማክ ያላችሁ ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ “ታይም ማሽን” አላችሁ። ባዶ ዲስክ ስጡት እንጂ ፋይል ያለበትን አትስጡት፤ መጀመሪያ ሊያጠፋው ሊጠይቃችሁ ይችላልና።

አራተኛ፣ ሲጨርስ ንቀሉ! በግንቦት ወር 2017 እ.ኤ.አ. “ዋናክራይ” የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ ነበር። እንዲህ ያለ ቫይረስ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካውንም ዲስክ አብሮ ይቆልፋል። በየፍላሹ የሚዞረውን ሾርትከት ቫይረስማ ማን ያጣዋል? መብራት ሄድ መጣ ሲል የሚደርሰውንም ጨምሩበት። ሳምንት በመጣ ቁጥር አንድ ምሽት ለይታችሁ ሰክታችሁ፣ አስገልብጣችሁ፣ ነቅላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ።

አምስተኛ፣ ክፈቱና እዩ። “ቶይ ስቶሪ 2” የተባለውን የካርቱን ፊልም የምታውቁት ትኖራላችሁ። በ1998 እ.ኤ.አ. ፊልሙ ገና እየተሠራ ሳለ አንድ ሰው በስህተት በሰጠው ትእዛዝ አብዛኛው ሥራ ከፒክሳር ኩባንያ ኮምፒውተሮች ላይ ተሰረዘ። “ችግር የለም፣ ባክአፕ አለን” ተባለ። ባክአፑ ሲታይ ለካስ በትክክል መሥራቱን ካቆመ ቆይቷል! ያዳናቸው ጌሊን ሰስማን የተባለችው የድርጅቱ ባልደረባ ናት። ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ ቅጂው ተገኘ። ያን ያህል ኩባንያ እንዲህ ከሆነ እኛማ! በወር አንዴ ከዲስኩ ላይ አምስት ስድስት ፋይል ከፍታችሁ ፎቶው መታየቱን፣ ቪዲዮው መሄዱን አረጋግጡ።

ከዚሁ ታሪክ የመጨረሻውን ምክር ታገኛላችሁ። አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ ይሁን። ባለሙያዎቹ “ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ” ይሉታል፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። ሌባ ሲገባ ላፕቶፑንና አጠገቡ ያለውን ዲስክ ለይቶ አይወስድም፤ እሳትም እንዲሁ። አክስታችሁ ቤት፣ መሥሪያ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ፣ የትም ይሁን። ገመናችሁ ያለበት ከሆነ የይለፍ ቃል ይኑረው። የይለፍ ቃሉን ከረሳችሁት ግን ለእናንተም አይከፈትምና ጽፋችሁ ሌላ ቦታ አኑሩ።

ወደ እህትና ወንድሙ ልመልሳችሁ። ቪዲዮው ጨርሶ አልጠፋም። አባት ባረፉ ሰሞን ወንድሙ ዋሽንግተን ላሉት አክስታቸው በቴሌግራም ሁለት ደቂቃ ያህል ቆርጦ ልኮላቸው ነበር። አክስት ስልካቸው ላይ አስቀምጠውት ኖሮ መልሰው ላኩት። ጥራቱ ቀንሷል፤ ግን የአባት ድምፅ ነው። ችግሩ ግን ሁለቱ ደቂቃዎች የያዙት የወንድሙን ምርቃት ብቻ ነው። የእሷ የለም።

“የሱ ተረፈ፣ የኔ ጠፋ” አለችኝ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ።

ወንድሟ ባለፈው ወር ሁለት ዲስክ ገዝቶ በቤቱ የቀረውን ሁሉ ገልብጦባቸዋል። አንዱን ለሷ ሰጥቶ “ይሄ አንቺ ጋ ይቀመጥ” አላት። ተቀበለችው፤ ግን አላመሰገነችውም። እህቴ ሆይ፣ ምክሬን ከፈለግሽ ይኸውልሽ። ወንድምሽ አዳራሹ ሲመረቅ አጠገብሽ ቆሞ ነበር፤ አባታችሁ አንቺን ምን ብለው እንደመረቁሽ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቂውና ጻፊው። ከዚያም ሁለቱም ዲስኮች ላይ ይቀመጥ። ዲስክ ይገዛል፤ ወንድም ግን ትርፍ ቅጂ የለውም።

እናንተ ደግሞ ይህን አንብባችሁ “ነገ አደርገዋለሁ” እንዳትሉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው! ዛሬ ማታ መብራት ካለ፣ ከሁሉ በፊት የማይተካውን፣ የእናት የአባታችሁን ድምፅና ፎቶ ኮፒ አድርጉ። ፊልሙና ዘፈኑ ይደርሳል።