ከናይሮቢ እስከ ኒውዮርክ ስንት ሰዓት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጃቸው ከካምፑ ተነስቶ ወደ አሜሪካ ጉዞ ከጀመረ ሁለት ቀን ቢሞላውም ድምፁ ስለጠፋባቸው ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። «አውሮፕላኑ የሚበረው 15 ሰዓት ነው ብለውኛል፤ ታዲያ ልጄ የት ቀረ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ስለሆነ በዚህ እትም ስለ ርቀቱና ስለ ሰዓቱ እናብራራለን።

ርቀቱ፦ በናይሮቢና በኒውዮርክ መካከል ያለው የአየር ርቀት ወደ 11,850 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ምድር ክብ ስለሆነች ይህ ርቀት በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ አይለካም። እኛ መምህራን ለተማሪዎቻችን በኳስና በክር እናሳያለን። በኳሱ ላይ ሁለት ነጥብ አድርገን ክሩን በመካከላቸው ስንወጥረው አጭሩን መንገድ ይይዛል። ይኸው መንገድ በካርታ ላይ ሲሳል ወደ ሰሜን ጎበጥ ይላል።

የበረራው ሰዓት፦ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። 11,850ን ለ900 ብናካፍል ከ13 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ሆኖም የኬንያ አየር መንገድ በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. የቀጥታ በረራ ሲጀምር ለመሄጃው ወደ 15 ሰዓት፣ ለመመለሻው ወደ 14 ሰዓት መድቧል። ምክንያቱም አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ መንገዱም ሁልጊዜ እንደ ክሩ ቀጥ አይልም። በተጨማሪም በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ስላለ፣ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ይገታዋል፤ የሚመለሰውን ይገፋዋል።

ጠቅላላው ጉዞ፦ 15 ሰዓት የሚባለው ለቀጥታ በረራ ብቻ ነው። በለንደን በኩል የሚሄድ ሰው እስከ ለንደን ወደ 9 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ ኒውዮርክ ወደ 8 ሰዓት ይበራል። በመካከሉ አውሮፕላን የሚጠብቅበት ሰዓት አለ። ከካምፕ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድና በዚያ የሚደረገው ቆይታም ይጨመራል። መድረሻው ሚኒያፖሊስ ከሆነ ደግሞ ከኒውዮርክ ሌላ 3 ሰዓት ያህል በረራ ይቀረዋል። ስለዚህ የሁለት ቀን ዝምታ የክፉ ነገር ምልክት አይደለም።

የሰዓት ልዩነት፦ ኒውዮርክ ከእኛ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ 7 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። በክረምታቸው ከናይሮቢ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተነስቶ 15 ሰዓት የበረረ ሰው፣ እዚያ ሲደርስ ገና ንጋት 12 ሰዓት ነው። የግድግዳውን ሰዓት ብቻ ያየ 7 ሰዓት የበረረ ይመስለዋል። እነርሱ ግን ይህንን ንጋት «ስድስት ሰዓት» ይሉታል። የእኛና የስዋሂሊ አቆጣጠር ከእነርሱ በ6 ሰዓት እንደሚለይ አንርሳ።

ለመደወል የሚመቸው በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው እዚያ እኩለ ቀን ይሆናል። በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብንደውል ግን በእኩለ ሌሊት እንቀሰቅሳቸዋለን። ተጓዦችም የቤተሰብ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፈው በሻንጣ ሳይሆን በኪሳቸው ቢይዙ መልካም ነው።

የእኚያ እናት ልጅ በሦስተኛው ቀን ከሚኒያፖሊስ ደወለ። ሻንጣው ተጭኖ ስለነበር ቁጥሩን ያገኘው ቤት ከገባ በኋላ ነበር።